የኡበር ማይል፣ የቤት ዴይኬርና ስኬጁል ሲ፦ የሥራ ወጪና የኑሮ ወጪ የሚለዩት የት ላይ ነው?

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ኡበር ወይም ሊፍት የሚነዳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያለችው መኪና አንዲት ናት። ማለዳ ልጆች ትምህርት ቤት ታደርሳለች፣ ከረፋዱ ጀምሮ መንገደኛ ትጭናለች፣ ማታ ከደለስ ኤርፖርት ባዶዋን ትመለሳለች፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ትቆማለች። ጋዙም ኢንሹራንሱም ስልኩም የሚከፈለው ከአንድ ካርድ ነው። የታክስ ወቅት ሲደርስ ግን የፌዴራሉ ታክስ ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት አይአርኤስ ይህችን መኪና ለሁለት ከፍላችሁ አቅርቡ ይላል።

«ጋዝ የሥራ ነው? ስልክ የሥራ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ሁሌም «እንደ አጠቃቀሙ» ይሆናል። የፌዴራሉ የታክስ ሕግ አንቀጽ 162 ለሥራው የተለመደና አስፈላጊ የሆነ ወጪ ከገቢ እንዲቀነስ ይፈቅዳል፤ አንቀጽ 262 ደግሞ የግል፣ የኑሮና የቤተሰብ ወጪን ይከለክላል። የዕቃ ዝርዝር በሁለቱም ውስጥ የለም። ለመኪና ግን አንቀጽ 274 የተባለ ሦስተኛ አለ፣ ጥብቅ የሆነውም እሱ ነው። በ1930 የብሮድዌይ ሰው የነበረው ጆርጅ ኤም. ኮሃን ያለ ደረሰኝ ስላወጣው ወጪ ከመንግሥት ጋር ተከራክሮ፣ ፍርድ ቤት «ወጪው መኖሩ ከታወቀ በግምትም ቢሆን ይያዝለት» ብሎ ፈረደለት። ኮንግረስ በ1962 ጉዞንና መዝናኛን ከዚህ ግምት አወጣ፤ በኋላ መኪናም ተጨመረ። ስለዚህ «ቀኑን ሙሉ ስነዳ እንደምውል ማን ያጣዋል» የሚለው ክርክር እውነት ቢሆንም አያድንም። መዝገብ የሌለው ማይል ተነድቶም እንዳልተነዳ ይቆጠራል።

ከዚህ በፊት ግን አንድ ነገር መለየት አለበት። ይህ ሁሉ የሚመለከተው በራሱ የሚሠራውን፣ ማለትም 1099 (ለተቀጣሪ ያልሆነ ሰው የሚላክ የገቢ ወረቀት) የሚቀበለውንና ስኬጁል ሲ (የግል ሥራን ገቢና ወጪ የሚያሳይ የታክስ ቅጽ) የሚሞላውን ነው። ደብሊው-2፣ ማለትም የአሠሪ የደመወዝ ወረቀት፣ የሚቀበል ተቀጣሪ፣ ለምሳሌ በቀን ሦስት ታማሚ ቤት በራሱ መኪና እየዞረ ሆም ኬር የሚሠራ ሰው፣ ጋዙንም ማይሉንም ከፌዴራል ታክስ መቀነስ አይችልም። ከ2018 ጀምሮ ተከልክሏል፣ በ2025 የወጣው ሕግ ደግሞ ክልከላውን ቋሚ አድርጎታል። እንዲህ ያለ ሰው የሚያዋጣው ማይሉን እየመዘገበ አሠሪውን እንዲተካለት መጠየቅ ነው። የደብሊው-2 ወጪን ስኬጁል ሲ ላይ ማስገባት በየዓመቱ የሚደጋገም ስሕተት ነው፣ ለመያዝም ቀላል ነው፤ ምክንያቱም ገቢ የሌለው «ቢዝነስ» ወጪ ብቻ ይዞ ይታያል።

ሾፌሩ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው በማይል ማስላት ሲሆን ለ2025 ዓ.ም. በፈረንጆች ተመኑ 70 ሳንቲም ነው (ለ2024 67 ነበር)። ሁለተኛው እውነተኛውን ወጪ፣ ማለትም ጋዝ፣ ኢንሹራንስ፣ ጥገና፣ ጎማና የመኪናውን እርጅና (በየዓመቱ የሚያጣውን ዋጋ) ደምሮ የሥራውን ድርሻ መውሰድ ነው። አንድ ግምታዊ ሾፌር እንውሰድ። በዓመቱ 1099-ኬው (ኩባንያው ከመንገደኛ የተከፈለውን የሚያሳይበት ወረቀት) ላይ 78,000 ዶላር ተጽፏል። መኪናዋ በጠቅላላ 46,000 ማይል ሄዳለች፣ ከዚህ 37,000ው የሥራ ነው።

መጀመሪያ የሚሳሳቱት 78,000ው ላይ ነው። ይህ መንገደኛው የከፈለው እንጂ ሾፌሩ ኪስ የገባው አይደለም፤ የኩባንያው ኮሚሽንና ልዩ ልዩ ክፍያ ውስጡ አለ። የዓመቱ ታክስ ማጠቃለያ ከመተግበሪያው ሲወርድ ይህ 24,000 ነው እንበል። 78,000ው ሙሉውን እንደ ገቢ ይጻፋል፣ 24,000ው ደግሞ በመስመር 10 ኮሚሽንና ክፍያ ተብሎ ይቀነሳል። ባንክ የገባውን 54,000 ብቻ ገቢ ብሎ የጻፈ ሰው ውጤቱ ትክክል ቢሆንም፣ ቁጥሩ አይአርኤስ ዘንድ ካለው ወረቀት ጋር ስለማይገጥም ደብዳቤ ይመጣበታል። ከዚህ የባሰው ግን 54,000 ጽፎ 24,000ውን ደግሞ መቀነስ ነው።

በማይል ሲሰላ 37,000 በ0.70 ሲባዛ 25,900 ዶላር ይሆናል። በእውነተኛው ወጪ ደግሞ መኪናዋ ጋዝ ቆጣቢ ሃይብሪድ ከሆነች ጋዝ 3,070፣ ኢንሹራንስ 3,600፣ ጥገናና ጎማ 2,400፣ የመጀመሪያ ዓመት እርጅና 4,800 እንበል፤ ድምሩ 13,870 ነው። የሥራ ድርሻዋ 37,000 ለ46,000፣ ማለትም 80.4 በመቶ ስለሆነ የሚቀነሰው 11,150 አካባቢ ይሆናል። ልዩነቱ ከእጥፍ በላይ ነው። ለዚህ ነው ብዙ ማይል በቆጣቢ መኪና የሚነዳ ሾፌር ሁሉ ማለት ይቻላል በማይል የሚሠራው። ማስጠንቀቂያዋ ግን አንድ ናት፦ መኪናዋ ለሥራ በዋለችበት የመጀመሪያ ዓመት በማይል የጀመረ በኋላ ወደ እውነተኛ ወጪ መዞር ይችላል፤ የመጀመሪያውን ዓመት በእውነተኛ ወጪና በተፋጠነ እርጅና (በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አብዝቶ በሚቀነሰው) የጀመረ ግን ለዚያች መኪና ወደ ማይል መመለስ አይችልም። በሊዝ የተወሰደች መኪና ከሆነች ደግሞ በማይል የጀመረ ሊዙ እስኪያልቅ በዚያው ይቀጥላል።

በማይል የሚሠራ ሰው ጋዝ፣ ዘይት፣ ጎማ፣ ጥገና፣ ኢንሹራንስ፣ የሰሌዳ ክፍያና የመኪና እጥበት ለየብቻ አይቀንስም፤ 70ዋ ሳንቲም ሁሉንም ይዛለች። ሁለቱንም ማስገባት ከስሕተቶች ሁሉ የተለመደው ነው፤ ብዙ ጊዜም ከተንኮል ሳይሆን «ደረሰኙ እያለ ለምን ይቀራል» ከማለት ይመጣል። በተቃራኒው በማይሉ ላይ የሚጨመሩ፣ ነገር ግን የሚረሱ አሉ። ለሥራ የተከፈለ ቶልና ፓርኪንግ ይጨመራል (መንገደኛው ከፍሎ ኩባንያው የመለሰው ቶል ግን ገቢው ውስጥ ካልተቆጠረ አይቀነስም)። የመኪናው ብድር ወለድ የሥራ ድርሻ ይጨመራል። ቨርጂኒያ ያለ ሰው በየዓመቱ እያማረረ የሚከፍለው፣ በመኪናው ዋጋ ላይ የሚሰላው የካር ታክስም እንዲሁ፤ 80 በመቶው የሥራ ከሆነ 80 በመቶው ስኬጁል ሲ ላይ ይገባል። የፓርኪንግና የፍጥነት ቅጣት ግን መንገደኛ ጭኖ የተቀጣም ቢሆን አይቀነስም። ሕግ በመጣስ ለመንግሥት የተከፈለ ቅጣት ነውና በሩ ዝግ ነው።

የትኛው ማይል ነው የሥራ የሚባለው? መንገደኛ ተጭኖ የተሄደው አያከራክርም። ጥሪ ተቀብሎ ወደ መንገደኛው የሚሄደውና ከአንዱ አውርዶ ሌላ እየፈለገ የሚዞረውም የሥራ ነው፤ ስለዚህ ከደለስ ባዶውን ወደ አርሊንግተን ሥራ ፍለጋ የተመለሰ ሰው ማይሉን ይቆጥራል። ኩባንያው የሚልከው ማጠቃለያ አንዳንድ ጊዜ ይህን ሙሉ በሙሉ አይዝም፤ በተለይ ሁለት መተግበሪያ ከፍቶ የሚሠራ ሰው የሁለቱን ማጠቃለያ ቢደምር ያው ማይል ሁለቴ ይቆጠርበታል። ከቤት ተነስቶ ወደ ሥራ አካባቢ መሄድ ግን በመርሕ ደረጃ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ የቤትና የሥራ መመላለስ ነው፣ የግል ነው። ከዉድብሪጅ ተነስቶ ዲሲ ገብቶ ሥራ የሚጀምር ሰው በየቀኑ ሃምሳና ስድሳ ማይል እዚህ ላይ ይንጠለጠልበታል። መተግበሪያውን ከበር ላይ ከፍቶ፣ ጥሪ ከመጣም እየተቀበለ የሚሄድ ሰው የተሻለ መከራከሪያ አለው። ነገር ግን መተግበሪያ መክፈቱ ብቻ የግል ጉዞን የሥራ አያደርገውም። ሲልቨር ስፕሪንግ እንጀራ ሊገዛ ሲሄድ ከፍቶት የሄደና ሦስት ጥሪ አልፎ ያልተቀበለ ሰው፣ ያ ጉዞ የሥራ ነበር ቢል ጥሪ አለመቀበሉ ራሱ ኩባንያው መዝገብ ላይ ተጽፎ ይጠብቀዋል።

መዝገቡ የሚፈልገው አራት ነገር ነው፦ ቀን፣ የት እንደተሄደ፣ ለምን ሥራ እንደሆነ፣ ስንት ማይል። በጊዜው ወይም በቅርብ ጊዜ መጻፍ አለበት። ለሾፌር በየመንገደኛው መጻፍ አያስፈልግም፤ በቀን አንድ መስመር፣ ሥራ ሲጀመርና ሲያበቃ የማይል ቆጣሪው ቁጥር፣ መሐል ላይ ለግል የተሄደ ካለ ተቀንሶ በቂ ነው። ሕጉ ናሙናንም ይቀበላል፦ የእያንዳንዱን ወር የመጀመሪያ ሳምንት በትክክል መዝግቦ፣ ሌሎቹ ሳምንታት ተመሳሳይ መሆናቸውን በማጠቃለያው ማሳየት ከቻለ ለዓመቱ ያገለግላል። ከሁሉ የሚቀለው ጃንዋሪ 1 እና ዲሴምበር 31 የማይል ቆጣሪውን በስልክ ፎቶ ማንሳት ነው። ቀኑ በፎቶው ላይ ተቀምጧል፤ የዓመቱ ጠቅላላ ማይል ከዚያ ወዲያ አያከራክርም።

ኦዲተር የሚመለከተውም ይህንኑ ጠቅላላ ነው። ዘይት የተቀየረበት ደረሰኝ ላይ፣ የኢንስፔክሽን ወረቀት ላይ የመኪናው ማይል ተጽፏል። በማርች 61,200፣ በኖቬምበር 88,900 ከሆነ መኪናዋ በስምንት ወር 27,700 ማይል ሄዳለች ማለት ነው፤ ዓመቱን ሙሉ 55,000 የሥራ ማይል የጠየቀ ሰው እዚያ ላይ ይቆማል። በኤፕሪል ምሽት ተቀምጦ የተሠራ መዝገብ ደግሞ ራሱን ያጋልጣል፦ ሁሉም ቁጥር በዜሮ ያልቃል፣ ፋሲካ ላይም ይሠራል፣ ሰውየው አዲስ አበባ በነበረበት ሳምንትም 180 ማይል ነድቷል።

ብዙ ሰው ሳያነበው የሚፈርመው የስኬጁል ሲ ክፍል 4 ነው። መስመር 44 ዓመቱን ለሦስት ይከፍላል፦ የሥራ፣ የመመላለሻና ሌላ። መስመር 45 መኪናው ከሥራ ሰዓት ውጭ ለግል ሊያገለግል ይችል ነበር ወይ ይላል፣ መስመር 46 አንተ ወይም ባለቤትህ ሌላ መኪና አላችሁ ወይ ይላል፣ 47 ማስረጃ አለህ ወይ፣ በጽሑፍ ነው ወይ ይላል። ቤት ውስጥ አንድ መኪና ብቻ ኖሮ 44 ላይ «መመላለሻ 0፣ ሌላ 0» የጻፈ ሰው፣ ልጆቹ በእግራቸው ነው የሚያድጉት? ከመቶ መቶ የሥራ ነው ማለት ሌላ መኪና ላለው ይሆናል፤ ለሌለው ግን በራስ እጅ ጥርጣሬ መጻፍ ነው።

ሌላውን በአጭሩ እንለፈው። ሥራ ላይ እያሉ ብቻ የተበላ ምሳ የግል ነው፤ ሰው የትም ቢሆን ይበላልና። ምግብ በ50 በመቶ የሚቀነሰው ከመኖሪያ አካባቢ ርቆ አድሮ ሲሠራ ወይም ከሥራ ደንበኛ ጋር ለሥራ ጉዳይ ሲበላ ነው። ለመንገደኛ የሚቀመጥ ውኃና ማስቲካ ግን የሥራ ነው። ሱፍና ጫማ ጸድቶ ለመታየት ቢገዛም አይቀነስም፤ በ1980 አንዲት የቡቲክ ሥራ አስኪያጅ አሠሪዋ እንድትለብስ ያዘዛትን ውድ ልብስ ልትቀንስ ሞክራ፣ የይግባኙ ፍርድ ቤት ልብሱ ውጭ ሊለበስ የሚችል ከሆነ የግል ነው ብሎ ዘግቶባታል። ስልክ በድርሻ ነው፤ በዓመት 960 ዶላር ከሆነና ሦስት አራተኛው የሥራ ከሆነ 720 ይቀነሳል፣ ከመቶ መቶ የሚባለው ለሥራ ብቻ የተያዘ ሁለተኛ ስልክ ሲኖር ነው። ለአገር ቤት ቤተሰብ የተላከ ገንዘብና የዕድር መዋጮ የትኛውም ቦታ አይገቡም። ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለመስጊድ የተሰጠ ሕጉ በሚያውቀው ድርጅት በኩል ከሆነ በበጎ አድራጎት በኩል ሊታይ ይችላል፤ ስኬጁል ሲ ላይ ግን ቦታ የለውም።

የመኖሪያ ቤት ጉዳይ ከመኪናው ይልቅ ይከብዳል። ለቤት ቢሮ የሚጠየቀው ቦታው ዘወትርና ለሥራ ብቻ የሚውል መሆኑ ነው። ሾፌር ሒሳቡን የሚሠራበት ጠረጴዛ ማታ የልጆች የቤት ሥራ መሥሪያ ከሆነ አበቃ። ቦታው በእርግጥ ለብቻው ከሆነ በአጭሩ መንገድ በስኩዌር ጫማ 5 ዶላር፣ እስከ 300 ስኩዌር ጫማ፣ ማለትም ቢበዛ 1,500 ዶላር ይቀነሳል።

«ለሥራ ብቻ» ከሚለው ሕግ ነፃ የወጣ አንድ ሥራ አለ፤ እሱም እህቶቻችን በብዛት የተሰማሩበት የቤት ዴይኬር ነው። ፈቃድ ያላት ወይም አመልክታ የምትጠብቅ ሴት ቀን ልጆች የሚጫወቱበት ሳሎን ማታ የቤተሰቡ ሳሎን ቢሆንም በሰዓትና በስፋት ተባዝቶ ይታሰብላታል። ቤቱ 1,800 ስኩዌር ጫማ፣ ዴይኬሩ የሚጠቀምበት 600 ይሁን፤ አንድ ሦስተኛ ነው። በሳምንት 55 ሰዓት ለ50 ሳምንት 2,750 ሰዓት ይሆናል፣ በዓመቱ 8,760 ሰዓት ሲካፈል 31.4 በመቶ። ሁለቱ ሲባዙ 10.5 በመቶ አካባቢ ይመጣል። የዓመቱ ኪራይ፣ መብራትና ውኃ 36,000 ከሆነ የሚቀነሰው 3,770 ዶላር ገደማ ነው።

አሁን ከ600ው ውስጥ 150 ስኩዌር ጫማ የሆነችውን አንድ ክፍል የልጆቹ መኝታ ብቻ ብታደርጋት፣ የቤተሰቡ ሻንጣ እንኳ እንዳይገባባት ብታደርግ፣ ያቺ ክፍል በሰዓት አትባዛም፤ 8.3 በመቶዋ ሙሉ ይቆጠራል። የቀረው 450 ደግሞ 7.8 በመቶ ይሰጣል። ድምሩ 16.2 በመቶ፣ በገንዘብ 5,825 ዶላር። አንድ በር በመዝጋት ከ2,000 በላይ ልዩነት። ሰዓቱም ልጆች ያሉበት ብቻ አይደለም፤ ከመምጣታቸው በፊት የሚዘጋጅበትና ከሄዱ በኋላ የሚጸዳበት ይቆጠራል፣ ከተጻፈ።

ምግቡ ላይ ግን ብዙዎች ይቸገራሉ፤ የዴይኬሩ ወተትና የቤቱ ወተት አንድ ጋሪ ውስጥ ገብቶ በአንድ ደረሰኝ ይወጣልና። ለዚህ አይአርኤስ ደረሰኝ የማይጠይቅ ተመን ፈቅዷል፦ በቀን ለአንድ ልጅ አንድ ቁርስ፣ አንድ ምሳ፣ አንድ ራትና እስከ ሦስት መክሰስ። የሚያስፈልገው የልጆቹ ስም፣ የመጡበት ቀንና ሰዓት፣ የበሉት ምግብ ዓይነት መዝገብ ነው። የራሷ ልጆች ማዕዱ አንድ ቢሆንም አይቆጠሩም። የፌዴራሉ የምግብ ፕሮግራም ገንዘብ የሚመልስላት ከሆነ ያ መጠን መታሰብ አለበት፤ መንግሥት የከፈለውን ምግብ ደግሞ ከታክስ መቀነስ አይቻልም።

ወደ ኢትዮጵያ የሚደረግ ጉዞም በየዓመቱ ይነሳል። በርበሬ ወይም የሐበሻ ልብስ እያስመጣች የምትሸጥ ነጋዴ ለዕቃ ግዢ ብትሄድ የሥራ ጉዞ ነው። ከአሜሪካ ውጭ ከአንድ ሳምንት በላይ ከቆየችና ሩብ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ ቀን ለሠርግና ለዘመድ ጥየቃ ካዋለችው ግን የአውሮፕላን ቲኬቱ ራሱ በቀን ይከፋፈላል። ዋናው ዓላማ ዕረፍት ከሆነ ቲኬቱ ሙሉ በሙሉ የግል ነው፤ መርካቶ ለሥራው ያወጣችው ወጪ ብቻ ይቀነሳል። ሾፌር የሆነ ሰው ለኢትዮጵያ ቲኬት የሚሆን የሥራ ምክንያት የለውም።

ወደ ሾፌራችን እንመለስ። ከ54,000 ላይ 25,900 የማይል፣ 900 ቶልና 720 ስልክ ሲቀነስ የተጣራ ትርፉ 26,480 ነው። በዚህ ላይ የገቢ ታክስ ብቻ አይደለም የሚመጣው፤ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር 15.3 በመቶ በትርፉ 92.35 በመቶ ላይ ይሰላል፣ እዚህ 3,740 ገደማ ነው። መዝገብ ሳይኖረው ቀርቶ ማይሉ ሙሉ በሙሉ ቢጣል ትርፉ 52,380 ይሆናል፣ ይኸው ታክስ ብቻ ወደ 7,400 ይወጣል፤ የገቢ ታክሱ፣ ወለዱና 20 በመቶ የሚደርሰው ቅጣት በላዩ አለ።

እስካሁን ያልነው ወጪ አብዝቶ ስለሚቀንስ ሰው ነው። መቀነስ ራሱ የሚያስከፍለው ነገር እንዳለ ግን ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ቤተሰብ ለማምጣት ሲፈለግ ነው። ሚስቱን ለማምጣት የስፖንሰር ቅጹን፣ አይ-864ን፣ የሚሞላ ሾፌር የሚታይበት 1099ኙ አይደለም፤ በታክሱ ላይ ያለው ጠቅላላ ገቢ ነው፣ እሱም ከወጪ በኋላ ያለው ትርፍ ነው። በ2025 መለኪያ ለሁለት ሰው ቤተሰብ 26,437 ዶላር ያስፈልጋል። የእኛው ሾፌር በ43 ዶላር ያልፋል። ሚስትና አንድ ልጅ ከሆነ 33,312 ነው፤ ይወድቃል፣ ሌላ ስፖንሰር ወይም ንብረት ማሳየት ሊኖርበት ነው። 78,000ውን ብቻ አይቶ ውስጡን የማያውቅ ሰው «በዓመት ሰማንያ ሺ እየሠራህ እንዴት አቃተህ» ይለዋል።

መፍትሔው የማይል ቁጥሩን እንደፈለጉ ማሳነስ አይደለም። ለሶሻል ሴኩሪቲ ታክስ ሲሰላ የሚፈቀደው ወጪ ሁሉ መቀነስ አለበት፤ ገቢ ለማስመሰል ወጪን መደበቅም ስሕተት ነው። በሕግ የተፈቀደው ምርጫ በማይልና በእውነተኛ ወጪ መካከል ያለው ነው። ከላይ በእውነተኛው ወጪ ቢሠራ ትርፉ 41,000 አልፎ ለሦስት ሰው ይበቃ ነበር፤ ታክሱም ከፍ ይል ነበር። ቤተሰብ ለማምጣት ያሰበ ሰው ይህን ሒሳብ ዓመቱ ሳያልቅ፣ ከተቻለም መኪናዋን ለሥራ ባሰማራበት የመጀመሪያ ዓመት መሥራት አለበት። ቤት ለመግዛት ለሚያስብ ሁኔታው ትንሽ ይለዝባል፦ ከ70ዋ ሳንቲም 33ቱ እርጅና ተብሎ ስለሚታወቅ አበዳሪው መልሶ ሊደምርለት ይችላል፣ በ37,000 ማይል 12,210 ዶላር ማለት ነው። ይህን የማያውቅ የሞርጌጅ ሠራተኛ ያጋጥማል፤ መጠየቅ የገዢው ፋንታ ነው። ጡረታም የሚሰላው በዚሁ በተጣራው ላይ ነው። ከ2025 እስከ 2028 የተፈቀደው እስከ 25,000 ዶላር የሚደርሰው የቲፕ ቅናሽም ከሥራው የተጣራ ትርፍ ሊበልጥ አይችልም፤ ወጪ ያበዛ ሰው እሱንም ይበላበታል።

«ወጪ ስንት ላድርግልህ?» ብሎ የሚጀምር ታክስ ሠሪ ካጋጠመ ወረቀቱን ይዞ መውጣት ይሻላል። ቁጥሩን ማንም ይጻፈው፣ ተጠያቂው የፈረመው ባለገቢ ነው። ገንዘብ ተቀብሎ የሚሠራ ሁሉ የራሱን የአይአርኤስ መለያ ቁጥር ጽፎ መፈረም አለበት፤ «ራስህ እንደሠራኸው ይቅረብ» የሚል ካለ ምክንያቱ ይታወቃል። ያለፈው ዓመት በግምት የተሠራ ከሆነ ደብዳቤ ከመምጣቱ በፊት በማስተካከያ ቅጹ በ1040-ኤክስ ማስተካከል ይቻላል፤ ከሦስቱ ሥራዎች የመጀመሪያው የዚያን ዓመት የዘይት ቅያሪ ደረሰኞች ፈልጎ ጠቅላላ ማይሉን ማወቅ ነው፣ ሁለተኛው ከመተግበሪያው የየወሩን የጉዞ ታሪክ ማውረድ፣ ሦስተኛው የባንክና የቶል ካርዱን መግለጫ ከሁለቱ ጋር ማስተያየት ነው። ተመላሽ የሚያስገኝ ማስተካከያ ከሆነ ቀነ ገደቡ አብዛኛውን ጊዜ ታክሱ ከቀረበበት ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት ነው።